ምዕራፍ 4፦ ከእሳት በኋላ ያለው ዕቃ

ቢራ በቤቱ ሊጠምቅ የተነሣ ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያፈስሰው እሳት ላይ በሚጣደው ዕቃ ነው። ሠላሳ ሊትር የሚይዝና ከሥሩ ቧንቧ የተበጀለት የማይዝግ ብረት ድስት፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ የጋዝ ምድጃ፣ ብቅል የሚከካ ወፍጮ፤ ዓይን የሚማርከው፣ ጎረቤትም መጥቶ የሚያደንቀው ይህ ነው። ቢራው ቀዝቅዞ ሁለትና ሦስት ሳምንት የሚከርምበት ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ በተረፈው ሳንቲም የተገዛ፣ ክዳኑ በቅጡ የማይገጥም ባልዲ ይሆናል። ይህ ምዕራፍ የሚከራከረው ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ብሎ ነው። የቤት ቢራ የሚሳካውም የሚበላሸውም በአብዛኛው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ስለሆነ፣ ገንዘቡም ጥንቃቄውም መቅደም ያለበት ከእሳት በኋላ ላለው ዕቃ ነው። ለዚህ ክርክር ጥሩ ምስክር የሚሆነው በእንጆሪ፣ በራስበሪ፣ በብላክቤሪና በብሉቤሪ የሚጠመቀው ቢራ ነው። ፍሬው መዓዛውን እንዲሰጥ ከተፈለገ ወደ ቢራው የሚገባው እሳቱ ጠፍቶ፣ ቢራውም በአብዛኛው ከተብላላ በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት ውድ ድስት ለባለቤቱ የሚያተርፍለት ነገር የለም።

በመጀመሪያ እሳቱ የሚሠራውን ሥራ እንመልከት። የተከካ ብቅል ከ65 እስከ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ውሃ አንድ ሰዓት ያህል ሲዘፈዘፍ፣ በብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል። ጣፋጩ ውሃ ከገለባው ተጠልሎ ሆፕ ከሚባለው መራራ አበባ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ይፈላል። ማፍላቱ የሆፑን ምሬት ያወጣል፤ ከእህሉ ጋር የመጡትን ጀርሞችም ይገድላል። ይህ ሥራ ዋና ቢሆንም ስሕተት ይችላል። ጭማቂው ከቀጠነ ጥቂት ጨምሮ ማፍላት፣ ከወፈረም ውሃ መጨመር ይቻላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚህ ሙቀት የሆፑ ምሬት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ የማፍላቱን ጊዜ ማራዘም ወይም ሆፑን ጥቂት ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ ቢራ የሚያበላሹት እርሾዎችና ባክቴሪያዎች ግን 92 ዲግሪን አይቋቋሙም። የድግስ ወጥ የተሠራበት ድስትም ቢሆን ቅባቱ በደንብ ተፈግፍጎ ከጠራ ሥራውን ይወጣል። ብቅል መዘፍዘፉ የከበደው ጀማሪ ደግሞ የተዘጋጀ የብቅል ሽሮፕ በውሃ በጥብጦ፣ ከሆፕ ጋር አፍልቶ መጀመር ይችላል። በእሳቱ በኩል መንገዱ ብዙ ነው፤ በአንዱ የተሳሳተም በሌላው ይታረማል።

እሳቱ ሲጠፋ ነገሩ ይለወጣል። የቀዘቀዘው የብቅል ጭማቂ ስኳርና ሌላ ምግብ የሞላበት፣ ገና አልኮል ያልያዘ፣ አሲዱም ያልጠነከረ ፈሳሽ ነው። ለእርሾ የተመቸው ሁሉ ለሌላው ጀርም ይመቻል፤ ቀድሞ የገባና ቀድሞ የተራባው ሌላውን ያፈናቅላል። ሉዊ ፓስተር በ1876 ስለ ቢራ ባሳተመው ጥናት ያስረዳው ይህንኑ ነው፤ የዚህ ምዕራፍ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቢራ የሚኮመጥጠውና የሚበላሸው ባዕድ ሕዋሳት ገብተው ሲራቡበት መሆኑን በአጉሊ መነጽር ተመልክቶ አሳየ። ከሰባት ዓመት በኋላ በ1883፣ በኮፐንሃገን የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ውስጥ ኤሚል ክርስቲያን ሐንሰን ከአንዲት ሕዋስ የተራባ ንጹሕ እርሾ ለፋብሪካው ጠመቃ አበቃ። የሁለቱም ሥራ የሚያመለክተው ወደ አንድ ቦታ ነው። የቢራ ፋብሪካዎች ከብልሽት የዳኑት ምድጃቸውን በማሳመር ሳይሆን ከማቀዝቀዣው እስከ ጠርሙሱ ባለው መንገድ ማን እንደሚገባ በመቆጣጠር ነው።

በዚህ መንገድ ላይ የሚያደቡት ጠላቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ያልተጋበዘ ጀርም ነው። ሁለተኛው አየር ነው። አልኮልን ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ያለ ኦክስጅን ሥራቸውን መሥራት አይችሉም፤ ስለዚህ ክዳኑ የማይገጥም ባልዲ ራሱ ግብዣ ነው። ሦስተኛው ሙቀት ነው። ለቤት ጠመቃ የሚመረጡት፣ ኤል ለተባለው የቢራ ዓይነት የሚሆኑት ብዙዎቹ እርሾዎች ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ሙቀት ጥሩ ይሠራሉ፤ ከዚያ በጣም ሲያልፍ ጉሮሮ የሚያቃጥል ከባድ አልኮልና ያልታሰበ ሽታ ያወጣሉ። እርሾ ሲሠራ ራሱም ሙቀት ስለሚያመነጭ የዕቃው ውስጥ ከክፍሉ ጥቂት ዲግሪ ይበልጣል። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ብዙም ሥጋት አይደለም፤ ቀዝቀዝ ያለ ጓዳ ይበቃዋል። ድሬዳዋ ላይ የሚጠምቅ ግን ዕቃውን ውሃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለል ይኖርበታል። ሦስቱም ጠላቶች የሚገናኙት በማብላያው ዕቃ ዘንድ ነው፤ አንዳቸውም ድስቱን አያውቁትም።

የአገራችን ጠላ ጠማቂዎች ይህንን ለማወቅ አጉሊ መነጽር አላስፈለጋቸውም። በጠላ አሠራር እሳቱ የሚያርፈው በእህሉ ዝግጅት ላይ ነው፤ አሻሮው ይቆላል፣ ቂጣው ይጋገራል፣ እንኩሮው በምጣድ ይታመሳል። ከዚያ በኋላ ጌሾው፣ ብቅሉ፣ ቂጣውና እንኩሮው በየተራቸው ጋኑ ውስጥ ይገባሉ። ከጥንስሱ እስከ ድፍድፉ፣ ከድፍድፉም ውሃ እስከሚሞላበት ቀን ድረስ እሳት ተመልሶ አይነካውም። ጠላ በጠቅላላው ከእሳት በኋላ በሚሆነው ላይ የቆመ መጠጥ በመሆኑ፣ የሙያው ጥንቃቄም በጋኑ ላይ ተከማችቷል። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይፈተጋል፣ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ሲሞላም አፉ በደንብ ይዘጋል። እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት አለው። ሸክላ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች የሞሉበት ስለሆነ ውስጡ የተሸሸገውን በውሃ ብቻ ማውጣት አይቻልም። ግራዋ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር አለው። የወይራው ጭስ ሸክላውን ያሞቃል፣ ያደርቃል፤ በጭሱ ያሉት ፌኖሎችም ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ጀርም ያዳክማሉ። የአፉ መዘጋት ደግሞ አየር ያስቀራል፤ እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ውስጡን ሞልቶ ጠላውን ይጠብቃል።

እዚህ ላይ የታወቀ ተቃውሞ አለ። እናቶቻችን ያለ ቴርሞሜትር፣ ያለ ማጽጃ ኬሚካል ጥሩ ጠላ ሲጠምቁ ኖረዋል፤ ታዲያ ስለ ዕቃ ይህን ያህል ማተት ለምን ያስፈልጋል? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው፤ ጥሩ መጠጥ ለመጥመቅ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ግን ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛ፣ ባለሙያዋ ሴት በእጇ የውሃውን ሙቀት፣ በአፍንጫዋ የድፍድፉን ደረጃ የምትለየው በብዙ ዓመት ልምድ ነው፤ ጀማሪው ቴርሞሜትር የሚገዛው ያንን ልምድ ስላላገኘው ነው። ሁለተኛ፣ ጠላ ለቅርብ ቀን የሚጠመቅ መጠጥ ነው። ጌሾው ጀርሙን ጥቂት ቢገታውም በጠላው ውስጥ ከእርሾ ጋር ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ቀለል ያለው ኮምጣጣነትም የጣዕሙ አካል ነው። ጋኑ ከተከፈተ በኋላ ጠላው በቀናት ውስጥ እየኮመጠጠ እንደሚሄድ ቤተሰቡ ያውቃል፤ ቶሎም ይጠጣዋል። በጠርሙስ ታሽጎ ወራት ሊቀመጥ የታሰበ ቢራ ግን ይህ ምሕረት የለውም። ዛሬ የገባች ጥቂት ጀርም ከሁለት ወር በኋላ ጠርሙሱን ሁሉ ትሞላለች። ስለዚህ የጠላ ልማድ ዕቃ ዋጋ የለውም አይለንም፤ ዋጋ ያለው የትኛው ዕቃ እንደሆነ ግን አስቀድሞ ነግሮናል።

አሁን ወደ ፍሬው እንምጣ። በደጋችን ቁጥቋጦ መካከል የሚበቅለው የዱር እንጆሪ ከራስበሪና ከብላክቤሪ ጋር የአንድ ወገን ተክል ነው፤ በደንብ ሲበስል የሚበላው አጋምም ጥቁር ሐምራዊ ጭማቂ አለው። የትኛውም ፍሬ ቢመረጥ ወደ ቢራው ይዟቸው የሚመጣቸው ነገሮች ተመሳሳይ ናቸው። ውሃ ያመጣል፤ ራስበሪና ብሉቤሪ ከክብደታቸው 85 በመቶ ያህሉ፣ እንጆሪ ደግሞ 90 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ስኳር ያመጣል፤ በራስበሪና በእንጆሪ ከክብደቱ 5 በመቶ ገደማ፣ በብሉቤሪ 10 በመቶ ገደማ። አሲድ ያመጣል፤ ከቢራው የሚጠበቀው መንፈስ የሚያድስ ጎምዘዝ ያለ ጣዕም የሚገኘው ከዚህ ነው። ፔክቲን ያመጣል፤ ማርማላታን የሚያረጋው ይኸው ንጥረ ነገር ቢራን ያደፈርሳል። በመጨረሻም በልጣጩ ላይ የሰፈሩ የዱር እርሾዎችንና ባክቴሪያዎችን ያመጣል። የተጣራና የቀዘቀዘ ቢራ ላይ ያልታጠበ እንጆሪ መጨመር ሙሉ የስኳር ስንቅና ሙሉ የጀርም ጭፍራ በአንድ ጊዜ ማስገባት ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚወስነው ማብላያው ዕቃና የጠማቂው ጥንቃቄ ብቻ ነው።

አንዳንዶች ፍሬውን ከብቅል ጭማቂው ጋር ማፍላት ነገሩን ይፈታል ይላሉ። ጀርሙን ይገድላል፤ ያ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት ኪሳራ ያመጣል። ሙቀቱ ፔክቲኑን አላቅቆ ቢራውን ያደፈርሰዋል፣ ጣዕሙንም ከትኩስ ፍሬ ወደ ማርማላታ ይለውጠዋል። ከእንፋሎቱ ጋር ያመለጠው መዓዛ ደግሞ አይመለስም፤ የተረፈውንም ዋናው መብላላት ሲፋፋም የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠርጎ ይወስደዋል። ብዙ ጠማቂዎች ፍሬውን ከዋናው መብላላት በኋላ የሚጨምሩት በዚህ ምክንያት ነው። በዚያን ጊዜ ቢራው አልኮል ይዟል፣ አሲዱም ጠንክሯል፤ ስለዚህ ጀርም እንደ መጀመሪያው ቀን አይፈነጭበትም። ፍሬውን አስቀድሞ በረዶ ማድረግና ማቅለጥ ሕዋሶቹን ይሰነጥቅና ጭማቂውን ያስለቅቃል፤ ነገር ግን ማቀዝቀዝ ጀርም ያስተኛል እንጂ ሁሉንም አይገድልም። መካከለኛው መንገድ ፍሬውን ለብቻው ከ65 እስከ 70 ዲግሪ አሙቆ ሩብ ሰዓት ያህል ማቆየት፣ ክዳኑ ሳይነሣ ማቀዝቀዝና መጨመር ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ትንሽ ድስትና አንድ ቴርሞሜትር ብቻ ነው። ከፔክቲን ጋር ተያይዞ ሜታኖልን የሚፈራ አንባቢ ሊኖር ይችላል። ከፍሬ የሚገኘው ሜታኖል እንደ ወይን ጠጅ ሁሉ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሰው የሚገድለው አደጋ የሚመጣው አረቄን በመሰለ የተነጠረ መጠጥ ውስጥ ሜታኖል ሲከማች ወይም ባዕድ አልኮል ሲቀላቀል ነው። ቢራ የሚጠምቅ ሰው ምንም አያነጥርም።

ከፍሬ ቢራ የሚመጣው እውነተኛ አደጋ ሌላ ነው፤ በስሌት ሊታይ ይችላል። አንድ ጠማቂ 20 ሊትር ቢራ ላይ 2 ኪሎ ብሉቤሪ ጨመረ እንበል። ከፍሬው 10 በመቶው ስኳር ቢሆን 200 ግራም፣ ማለትም በሊትር 10 ግራም ስኳር ገባ። እርሾ አንድ ግራም ስኳር ሲበላ ግማሽ ግራም ያህል አልኮል፣ ግማሽ ግራም ያህል ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል። ስለዚህ ከፍሬው ብቻ በሊትር 5 ግራም ጋዝ ይወጣል። በፋብሪካ የታሸገ የተለመደ ቢራ በጠቅላላው የሚይዘው ጋዝ ይህን ያህል ነው። ጠማቂው ትዕግሥት አጥቶ የፍሬው ስኳር ገና ሳይበላ በጠርሙስ ቢያሽገው፣ አረፋ እንዲኖረው ብሎ እንደ ልማዱ በሊትር 6 ግራም ስኳር ቢጨምርበት፣ ሌላ 3 ግራም ጋዝ ይመጣል። በቢራው ውስጥ ቀድሞ የሟሟ አንድ ግራም ተኩል ያህል ስለሚኖር ድምሩ ወደ 10 ግራም ይጠጋል። ይህ ተራ የቢራ ጠርሙስ ከለመደው እጥፍ ነው፤ ውጤቱም ሌሊት በጓዳ የሚፈነዳ፣ ስባሪው ግድግዳ ላይ የሚሰካ ጠርሙስ ነው። ስሌቱ አንድ ነገር ያሳያል። ጠማቂውን ከዚህ አደጋ የሚያድነው በዋጋ ዝቅ ከሚሉት ዕቃዎች አንዱ የሆነው፣ ፈሳሽ ላይ የሚንሳፈፈው የመስታወት ሃይድሮሜትር ነው።

ሃይድሮሜትር የፈሳሹን ክብደት ከውሃ ጋር ያነጻጽራል። ስኳር ያለበት ፈሳሽ ከውሃ ይከብዳልና መሣሪያው ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል፤ እርሾው ስኳሩን ሲበላ ዝቅ ይላል። መብላላት ሲጀምር 1.050 የተነበበበት ቢራ 1.010 ላይ ቢደርስ 5 በመቶ ገደማ አልኮል ይዟል ማለት ነው። ለፍሬ ቢራ ግን ከመጨረሻው ቁጥር ይልቅ የቁጥሩ አለመለወጥ ይበልጣል። ፍሬው ከገባ በኋላ በሦስት ተከታታይ ቀናት የተወሰደው ልክ አንድ ሆኖ ካልተገኘ ጠርሙስ አይነካም። የአረፋውን መቆም ብቻ አይቶ መፍረድ አያዋጣም፤ ክዳኑ በሆነ ቦታ ቢያስተነፍስ አረፋ ሳይታይ ቢራው እየሠራ ሊሆን ይችላልና።

የማብላያው ዕቃ ስፋትም በፍሬው ይወሰናል። ፍሬ ቢራው ላይ ይንሳፈፋል፤ እርሾው ሲነሣበትም ወደ ላይ ተገፍቶ እንደ ወፍራም ክዳን ይከመራል። ጋዝ የሚያስወጣው ቀጭን ቱቦ በእንጆሪ ቁራጭ ወይም በራስበሪ ዘር ከተዘጋ ግፊቱ እየበረታ ሄዶ ክዳኑን ያፈናጥራል፤ ጣሪያውም ሐምራዊ ይሆናል። ስለዚህ 20 ሊትር ቢራ በፍሬ የሚጠምቅ ሰው ከ25 እስከ 30 ሊትር የሚይዝ፣ እጅ የሚያስገባ ሰፊ አፍ ያለው ዕቃ ያስፈልገዋል። ፍሬውን በፈላ ውሃ በታጠበ ስስ የናይለን ከረጢት ቋጥሮ ማስገባት ቧንቧውንም ቱቦውንም ከዘር ያድናል፤ ማውጣቱንም ያቀላል። ይህ ዝርዝር ትንሽ ቢመስልም የቢራው ዕጣ ያለው እዚህ ነው፤ አንዱም ግን በውድ ድስት አይሸፈንም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የሚመጣው ከቤልጂየም ነው። በብራሰልስና ከከተማዋ በስተምዕራብ ባለው በፓዮተንላንድ ላምቢክ የሚባል ቢራ ይጠመቃል። ጠማቂዎቹ የፈላውን ጭማቂ ጣሪያ ሥር ባለ ሰፊና ጥልቀት በሌለው ገንዳ ላይ ሌሊቱን ክፍት አድርገው ያሳድሩታል፤ ከአየሩና ከግድግዳው የመጣው እርሾ ሁሉ ይገባበታል። ከዚያ በአሮጌ የእንጨት በርሜል ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል፤ ጎምዛዛ ቼሪ ሲጨመርበት ክሪክ፣ ራስበሪ ሲጨመርበት ደግሞ ፍራምቧዝ ይባላል። በ1900 የተመሠረተው ካንቲዮን የተባለው የብራሰልስ ጠመቃ ቤት እስከ ዛሬ በዚህ መንገድ ይጠምቃል። እንግዲህ ክፍት ገንዳና ያረጀ በርሜል ይህን የመሰለ ቢራ ካወጡ፣ ስለ ክዳንና ስለ ንጽሕና የተባለው ሁሉ ከንቱ አይሆንም? መልሱ ላምቢክ ጠማቂው የሚጠነቀቅበትን በማየት ይገኛል። የሚጠምቀው በቀዝቃዛዎቹ ወራት፣ በግምት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ብቻ ነው፤ በሞቃቶቹ ወራት የሚያበላሹት ጀርሞች ስለሚበዙ። በርሜሎቹን በሙቅ ውሃና በእንፋሎት ያጥባል፤ አየር እንዳይገባባቸው ይከታተላል። ወደ ኮምጣጤ ያደላውን በርሜል ለይቶ ያስወጣል፤ የተረፉትን ቀምሶ ያዋህዳል። በዚህ ሥራ ዋና ተዋናይ የሆነውን ብሬታኖማይሲስ የተባለ እርሾ በ1904 የለየው ደግሞ የካርልስበርጉ ኒልስ ክላውሰን ነው፤ ንጹሕ እርሾን የወለደው ካርልስበርግ የዱሩንም ስም አወጣለት። ላምቢክ እንግዲህ ማብላያውን ችላ ያለ ቢራ አይደለም፤ ዘመኑን ሁሉ በማብላያው ዙሪያ የሚያሳልፍ ቢራ ነው። አንድ ባልዲ ያለው የቤት ጠማቂ ግን የተበላሸውን የሚያስወግድበት ሌላ በርሜል የለውም፤ ስለዚህ በንጽሕና ማሸነፍ አለበት።

ታዲያ የትኛው ዕቃ ይመረጥ? በአራት ጥያቄ መለየት ይቻላል፤ ጥብቅ አድርጎ ይዘጋል ወይ፣ እስከ ጥጉ ይጸዳል ወይ፣ ለፍሬው ቦታ አለው ወይ፣ ከአሲድ ጋር አይጣላም ወይ? ለምግብ የተሠራ፣ ከታቹ 1 ወይም 2 ቁጥር የታተመበት አዲስ የፕላስቲክ ባልዲ ወይም በርሜል ለጀማሪ ይበቃዋል። ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ክዳኑ ላይ ቀዳዳ በስቶ ጋዝ ማስወጫ መትከል አያስቸግርም። ድክመቱ መጫሩ ነው፤ በብረት መፈግፈጊያ የታሸ ፕላስቲክ ውስጥ የጀርም ጎሬ ይከፈታል፤ ስለዚህ በለስላሳ ስፖንጅ ብቻ ይታጠባል፣ ሲጫርም ይለወጣል። መስታወት አይጫርም፣ አየርም አያስገባም፤ ግን ሃያ ሊትር ይዞ ከእጅ ሲያመልጥ የሚያደርሰው ጉዳት ከባድ ነው፤ ጠባብ አፉም ለፍሬ አይመችም። የማይዝግ ብረት ከሁሉ ይበልጣል፤ ዋጋውም እንዲሁ። ሸክላ ለጠላ የራሱ ጣዕም አለው፤ ለጠርሙስ ቢራ ግን እስከ ጥጉ ስለማይጸዳ አይመከርም። ሁለት ዓይነት ዕቃ ፈጽሞ አይነካም። አንዱ ዚንክ የተቀባ የቆርቆሮ ባልዲ ነው፤ የፍሬውና የቢራው አሲድ ዚንኩን ያሟሟዋል። ሌላው ቀለም፣ ፀረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል ይዞ የነበረ በርሜል ነው፤ ፕላስቲክ የያዘውን ስለሚመጥ ሰባት ጊዜ ቢታጠብም አይታመንም።

ዕቃው ከተመረጠ በኋላ ማጠብና ጀርም መግደል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን መያዝ ያስፈልጋል። ቆሻሻ የተጋገረበት ዕቃ ላይ የሚፈስ መድኃኒት ከላይ ያለውን ብቻ ይገድላል። መጀመሪያ ሽታ በሌለው ማጽጃ ይታጠባል፤ ከዚያ የጠመቃ ዕቃ ለማጽዳት የተሠራ አዮዲን ያለበት ወይም አሲድነት ያለው ብጥብጥ ይታከልበታል። እነዚህ በማይገኙበት ቦታ 5 በመቶ የሆነ ተራ በረኪና አንድ የሾርባ ማንኪያ በ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆይበታል፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃም በደንብ ይለቀለቃል። የቀረ ክሎሪን ከብቅሉ ፌኖል ጋር ተዋሕዶ የሐኪም ቤት ሽታ ያመጣልና። በረኪና ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የማይዝግ ብረትንም ስለሚበላ ለፕላስቲክና ለመስታወት ብቻ ይሁን። ቢራው የሚተላለፍበት ጎማ፣ ቧንቧው፣ ከረጢቱና ቆርኪው ሁሉ በዚሁ ሥርዓት ያልፋሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሽታው የሚገባው ማንም ባልፈታው ቧንቧ በኩል ነው።

ከገንዘብ በኩል የሚነሣ ተቃውሞ ይቀራል። ጥሩ ድስት ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የፕላስቲክ ባልዲ ግን በሁለት በሦስት ዓመት ይጣላል፤ ታዲያ ገንዘብን በሚቆየው ላይ ማዋል አይሻልም? ለዓመታት ለሚጠምቅ ሰው ክርክሩ ትክክል ነው፤ ድስቱም በጊዜው ይገዛል። ጀማሪው ግን በድስቱ ምክንያት ጠመቃ አይተውም፤ የሚተወው ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲኮመጥጥበት ነው። ደግሞም ገበያው የሚገፋው ወደሚያብረቀርቀው ነው። በአሜሪካ ቢራ በቤት መጥመቅን በፌዴራል ደረጃ የፈቀደው ሕግ በ1978 በፕሬዚዳንት ካርተር ተፈርሞ በ1979 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ የዕቃ ንግዱ ሰፍቷል፤ ሻጭ የሚያተርፈው ከድስቱ እንጂ ከሃይድሮሜትሩ አይደለም። ሕጉ ለአንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት ቤት 200 ጋሎን ይፈቅዳል፤ ለሽያጭ ግን አይፈቅድም። በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ የአሜሪካ ከተማ የሚኖር ወገናችን ከመጀመሩ በፊት የግዛቱንም ደንብ ማየት አለበት፤ አላባማና ሚሲሲፒ የፈቀዱት በ2013 ነውና። በሳዑዲ ዓረቢያና በኩዌት ደግሞ ነገሩ የዕቃ ጥያቄ ሳይሆን የወንጀል ጥያቄ ነው፤ እዚያ ያለ ሰው አይሞክረው።

ስለዚህ ግዢው በዚህ ተራ ይሁን። በመጀመሪያ ክዳኑ የሚገጥም፣ ለፍሬው ቦታ ያለው ማብላያና ጋዝ ማስወጫው፤ ቀጥሎ ሃይድሮሜትር፣ ቴርሞሜትርና ጀርም ገዳይ፤ ከዚያ ንጹሕ ጎማና የቆርኪ መግጠሚያ። ድስቱ፣ ምድጃውና ወፍጮው ገንዘብ ሲተርፍ ይደርሳሉ፤ እስከዚያ የቤቱ ድስት ይበቃል። የመጀመሪያውን ቢራ ያለ ፍሬ ጥመቁ፤ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ በሚቀጥለው በ20 ሊትር ላይ 2 ኪሎ ራስበሪ ወይም እንጆሪ ጨምሩ። የሃይድሮሜትሩ ቁጥር ሦስት ቀን ሳይነቃነቅ እስኪቆይ ድረስ ግን አንድም ጠርሙስ አታሽጉ።